የጋዋኑ ገበር

ሌላ ሴት በባሏ ሸሚዝ ላይ የከንፈር ቀለም ታያለች፤ ታላቅ እህቴ ያየችው ቁልፍ ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ተራ የእንጨት ቁልፍ። ክሩ ግን በመስቀለኛ ገብቷል። እህቴ ደግሞ ቁልፍ ስትሰፋ ክሩን ጎን ለጎን እንጂ በመስቀለኛ አስገብታ አታውቅም።

እኔና እህቴ ልብስ ሰፊዎች ነን። ቤቱ የእሷና የባሏ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ሱቃችን፣ የኋለኛው መኖሪያቸው። ሁለቱን የስፌት መኪናዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እገጥማለሁ፤ ምሳችንንም እዚያው ከሳህናችን ክር እየለቀምን እንበላለን። ባሏን ጋሼ እለዋለሁ። በቀለምና ማጣበቂያ ፋብሪካ ይሠራል፣ ዝምተኛ ነው፣ ሲስቅም በትከሻው ነው የሚስቀው። ከተጋቡ ጀምሮ በጋሼ ገላ ላይ ከእህቴ መርፌ ያልወጣ ጨርቅ አርፎ አያውቅም። ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ የሌሊት ልብሱ፣ የውስጥ ሱሪው ሳይቀር የእሷ ነው። ልኩን በሜትር አትለካም፤ አቅፋው ታውቀዋለች።

እና አሁን ከጓሮ በር ውጪ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ሰማያዊ የሥራ ጋዋን የእሷ አይደለም።

ሲጀመር ከበር ውጪ መሰቀሉ ራሱ ነገር ነው። ጋሼ ከሥራ ሲመለስ ጋዋኑን ወደ ቤት አላስገባም፤ ሚስማር ፈልጎ፣ ግድግዳው ላይ መትቶ፣ እዚያ ነፋስ ላይ ተወው። «ቤቴ የማይገባው ምን ቢኖርበት ነው?» አለች እህቴና እሱ እጁን ሲታጠብ ወጥታ አወረደችው። አገላበጠችው። ብብቱን ገልጣ አየች። ኮሌታውን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«የሴት እጅ ነው» አለችኝ።

«ከፋብሪካ የታደለ ይሆናላ፣ እትዬ።»

«የፋብሪካ መኪና መስመሩን ጨርሶ ይሄዳል እንጂ ጫፉን መልሶ አይቋጥርም። ይህቺ ቋጥራለች። እዪው፣ ብብቱ ሥር ሁለቴ ሄዳበታለች፤ እጁን ሲያነሳ እንዳይቀደድበት። አሳቢ!»

የከፋት መሰፋቱ አልነበረም፤ ጥሩ ሆኖ መሰፋቱ ነው። የጀማሪ እጅ ቢሆን ኖሮ ስቀንበት ባደርን። ግን ዝምዝማቱ ቀጥ ያለ፣ ኮሌታው ያልተጨማደደ፣ ኪሱ ከኪሱ ጋር የተስተካከለ ነው። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ሥራዋን በምታውቅ ሴት ስትቀና ጨጓራዋ ነው የሚላጠው። ከዚያ አፍንጫዋን ጨርቁ ላይ አስጠጋች። ይሸታል፤ የጥፍር ቀለም ቤት ውስጥ እንደሚሸተው ያለ፣ ጣፋጭ ሆኖ ራስ የሚያዞር ነገር። ዓይኗ ደም ለበሰ።

ራት ላይ ጠበቀችው።

«ያ ጋዋን የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«ማን ሰፋው?»

«ቀስ በሉ።»

«ገና ምን ተናገርኩና ነው ቀስ በሉ የምትለኝ!»

«አይ፣ የሴትዮዋ ቅጽል ስም ነው» አለ ጋሼ፣ ትከሻው እየሳቀ። «የመጋዘን ኃላፊያችን። ሠራተኛውን ሁሉ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ ስለምትል። ከማሸጊያ ወደ መቅጃ ክፍል አዛውረውኝ የለ? እዚያ የሚለበሰው የእሷ ጋዋን ብቻ ነው። ደንብ ነው።»

«የእሷ ጋዋን ብቻ።» እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሽታውስ?»

«የምንቀዳው ነው። ማሟሟያ ነው፤ ቲነር በዪው።»

ከዚህ በላይ አልተናገረም። ለምን እንዳልተናገረ ኋላ ገባኝ። እህቴ ባሏ አምፖል ሲቀይር እንኳ ወንበሩን አቅፋ የምትቆም ሴት ናት፤ የሚቀዳው ምን እንደሆነ ብትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም ብሎ ነው። ዝም ያለው ለእሷ ብሎ ነበር። ዝምታ ደግሞ ለቀናተኛ ሰው ቤንዚን ነው።

ስለ ሥራው ዝም ይበል እንጂ ስለ ሴትዮዋ ግን አፉ ይፈታል። ዝምተኛ ሰው አንዴ ወሬ ካገኘ አይጣል ነው። ቀስ በሉ ዛሬ ግዢ ክፍሉን አፉን አስያዘችው። ቀስ በሉ የዘበኛውን ሲጋራ ከጆሮው ላይ አንስታ ውኃ ውስጥ ጨመረችው። ቀስ በሉ ሥራ አስኪያጁን ከነከረባቱ ከበር መለሰችው፣ በስልኩ ምክንያት። እያንዳንዱ «ቀስ በሉ» እህቴ ጆሮ ውስጥ እንደ መርፌ ይገባል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ አንድ ቀን መቀሷን እያንጫጨች። «ይህቺ ቀስ በሉ ደግሞ ቀስ ብላ ባሌን ይዛው ትሄዳለች።»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ የሚያወራልሽ የሚደብቀው ስለሌለው ነው።»

«አንቺ ባል የለሽም። አታውቂም» አለች። ይህቺ አባባል ክርክር ባለቀባት ቁጥር የምታወጣት ናት፤ እኔም ለምጃታለሁ።

ቅዳሜ ጋዋኑ ታጠበ። እሑድ፣ ጋሼ ሰው ሊጠይቅ ወጣ ሲል፣ እህቴ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ልትቀደው ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ከላይኛው መደርደሪያ ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ የተረፈ የገበር ጨርቅ አወረደች። ውኃ ሰማያዊ፣ ለስላሳ፣ በእጅ ሲይዙት የሚያመልጥ ናይሎን። ቆረጠችው። ጠርዙ እንዳይተረተር እንደ ልማዳችን ሻማ ለኩሳ ዙሪያውን ለበለበችው፤ ናይሎን እሳት ሲነካው ቀልጦ ጠርዙን ራሱ ይዘጋል። ከዚያ በጋዋኑ ውስጥ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ከብብት እስከ አንጓ ገበር አገባችበት። እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም። አንድ ስፌት እንኳ ወደ ውጪ አልወጣም።

«ምን ይሠራለታል?» አልኳት።

«ውጪው የእሷ ይሁን» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ገላውን የሚነካው ግን የእኔ ነው።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በቅናቷ ውስጥ እንኳ ሳቅ አይጠፋባትም፤ እኔም ለዚህ ነው የምወዳት።

ጋሼ አመሻሹ ላይ ገብቶ ጋዋኑን አየው። እጁን ወደ እጅጌው አስገብቶ ገበሩን ዳሰሰና ደስ አለው። ያስታውቃል፤ ሲደሰት ጆሮው ይቀላል። ግን ጠየቀ።

«ጥጥ ነው አይደል? ለዚያ ሥራ ከጥጥ ሌላ አይሆንም።»

«ማን አለ?»

«ቀስ በሉ።»

ምናለ «ደንብ ነው» ብሎ ቢተወው። ምናለ «አለቃዬ» ቢል። ያንን ስም ሲጠራ የእህቴ አገጭ ከፍ ሲል አየሁ።

«ጥጥ ነው» አለች።

መኪናዬን አቆምኩ። ጋሼ ሁለተኛ አልጠየቀም። ከእህቴ አፍ የወጣ ነገር ሁለተኛ ጠይቆ አያውቅም። አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ አስገባው።

እሱ ሲወጣ «ለምን ዋሸሽው?» አልኳት።

«እሷ ጥጥ ካለች ዓለም ሁሉ ጥጥ ሊሆን ነው? ጨርቅ የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ እሷ? ይለሰልሰዋል፣ ይሞቀዋል፣ አለቀ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሷ አፍ ሲያመልጥ እዚያው ነበርኩ፤ ነገሩ ተራ የባልና ሚስት ነገር መስሎኝ መኪናዬን ረገጥኩ።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ደረቅ ነበር፤ ማበጠሪያ ፀጉር ላይ ሲንጫጫ የሚሰማበት ዓይነት ቀን። እህቴ ጠዋት የጋሼን የምሳ ዕቃ ደበቀችበት። እሱ ረስቻለሁ ብሎ ባዶ እጁን ሄደ። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባለ ተረከዙን ጫማ አድርጋ፣ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥላ ብቅ አለች።

«ተነሺ። ባሌ ሳይበላ ሊውል ነው።»

«ምሳውን ለማድረስ ነው እንዲህ የተኳልሽው?»

«ያቺ ሴት ገበሩን ስታይ ፊቷ ምን እንደሚሆን ማየት አለብኝ» አለች። ቢያንስ እኔን አትዋሸኝም።

ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ስልካችንን ተቀበለን። ክብሪት እንዳለን ጠየቀን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእህቴን ጫማ አየና «ተረከዙ ብረት አለው እመቤቴ፣ በዚህ አይገባም» ብሎ ከጥግ አንድ የሸራ ጫማ አመጣላት። የወንድ ነው፤ እግሯ ውስጡ ይዋኛል። ቁመቷን ለመጨመር ባለ ተረከዝ ተጫምታ የመጣችው እህቴ በዚያ የሸራ ጫማ እየተንሸራተተች ገባች። እኔ ሳቄን በመሐረብ ያዝኩ።

ሴትዮዋ ራሷ መጥታ ተቀበለችን። ቆንጆ ናት። ክፉ ሆና፣ ጥርሷ ወልቆ፣ አርጅታ ብናገኛት ነገሩ ያን ቀን ያበቃ ነበር፤ ግን ቆንጆ ናት። ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። የለበሰችው ያንኑ ሰማያዊ ጋዋን ነው፣ የእንጨት ቁልፍ፣ ክሩ በመስቀለኛ። በግቢው ውስጥ ወደ ምሳ የሚሄዱት ወንዶች ሁሉ ያንኑ ጋዋን ለብሰዋል።

«ለሁሉም አንቺ ነሽ የሰፋሽላቸው?» አለቻት እህቴ።

«ምን ላድርግ፤ ግዢ ክፍሉ ያመጣው ድብልቅ ጨርቅ ሆነብኝ። መልሼ ንጹሕ ጥጥ አስገዛሁና ቤቴ ወስጄ ሰፋሁት። አንቺ ልብስ ሰፊዋ ነሽ አይደል? ስላንቺ ሰምተን ሰምተን!»

ይህ ሊያበርዳት ይገባ ነበር። እህቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለሁሉም የሰፋችው ለሽፋን ነው» አለችኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል።

መቅጃ ክፍሉ ከግቢው ጥግ ብቻውን የቆመ ነው። ወለሉ ላይ ሰፊ ቢጫ መስመር ተቀብቷል፤ ሴትዮዋ ከመስመሩ ወዲህ አቆመችንና በመስታወቱ አሳየችን። ጋሼ ከውስጥ ነው። አንድ በርሜል መቆሚያ ላይ ተጋድሟል፤ ከአፉ በተገጠመው ቧንቧ ፈሳሹ እንደ ክር ቀጥኖ ከሥሩ ወዳለው ቆርቆሮ ይወርዳል። ከበርሜሉ ወደ ቆርቆሮው፣ ከቆርቆሮው ወደ መሬት ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተቆንጥጧል። የጋሼ ግራ እጅ ቧንቧው ላይ ነው። አላየንም።

«ጋዋኑ ሻከረው መሰለኝ፤ ገበር አገባሁለት» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ከሴትዮዋ ፊት ሳትነቅል።

«አይቼዋለሁ፤ እጅሽ ይባረክ። የእኔን ስፌት አሳፈርሽው እኮ!» ሳቀች፤ ከልቧ ነው። «እንዲያውም በአንቺ ምክንያት ዛሬ ደንብ አፍርሻለሁ። አዲስ ጨርቅ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከአጥሩ ውጪ ክር መዝዤ በክብሪት አያለሁ። አመድ ከሆነ ይገባል፤ ከቀለጠ አይገባም። ባልሽ ግን አላስነካም አለኝ። ‹ሚስቴ ጥጥ ነው ካለች ጥጥ ነው፤ በሚስቴ ቃል ላይ ክብሪት አይጫርም› ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ! ያ ዝምተኛ! እኔም አፈርኩና ተውኩት።»

እህቴ ያን ስትሰማ ፊቷ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። በራ። ስትመኘው የኖረችው ቃል ነው፤ በዚህች ሴት ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ስለ እሷ የተባለ። ከዚያ ብርሃኑ እዚያው ፊቷ ላይ እንዳለ ጠፋ።

«ከቀለጠ ለምንድን ነው የማይገባው?» አለች። ድምጿ አንሷል።

«አልነገረሽም እንዴ? ይኸውልሽ፣ ውኃ ይመስላል አይደል? ቶሉይን ይባላል። ውኃ አይደለም፤ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ቢቀጣጠል ውኃ ብትደፊበት እሳቱን ተሸክሞ በወለሉ ላይ ይንሸራሸራል እንጂ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው ያ ሁሉ አሸዋ የተከመረው። ደግሞ የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ትነቱ ነው። በጠዋት ብርድ እንኳ ይተናል። አይታይም፤ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ድመት በወለሉ ላይ ነው የሚሄደው። በበር ሥር ይሾልካል፣ ጥግ ላይ ይተኛል። ሩቅ ቦታ ፍም ካገኘ እሳቱን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ልብሳችሁን ቤት አታስገቡ፣ ውጪ አናፍሱት የምላቸው ለዚህ ነው። ባዶ በርሜል ከሙሉው ይብሳል ስላቸው ይስቁብኛል፤ ሙሉው እኮ ፈሳሽ ነው፣ ባዶው ግን ትነት የሞላው ነው።»

«ጨርቁስ?»

«ሲፈስ ራሱ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሽቦው ያንን ወደ መሬት ይወስደዋል፤ ቀስ በሉ የምለውም ለዚሁ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይጠራቀማላ። ሰው ናይሎን ከለበሰ ግን ጨርቁ ሲተሻሽ ራሱ ያጠራቅማል። ሹራብ ስታወልቂ ይንጫጫ የለ? ያ ብልጭታ ነው። ለእኛ መኮርኮሪያ ነው፤ ለዚህኛው ከተጫረ ክብሪት አይለይም። ለአንቺ ስለ ጨርቅ መንገሬ ለቀባሪ ማርዳት ነው እንጂ...»

እህቴ ክው ብላ ቀርታለች። ሻማው ትዝ እንዳላት አወቅሁ፤ እኔም ትዝ ብሎኛል። ጠርዙ ሲቀልጥ የሸተተኝ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። እኔ ልናገርላት ስል እጄን አንቃ ያዘችኝ። ባሏ በሰው ፊት የቆመላት ቃል ውሸት ነበር ብላ መናገር አለባት፤ ያውም ለማን? ለዚህች። ለመስቀለኛዋ። የምትናገረው ጠፍቷት ሳይሆን የምትነግራት ሴት ማንነት ከብዷት እንደቆመች ገባኝ።

ያን ጊዜ ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ በቀኝ ክንዱ ላቡን ጠረገ። ሞቆታል። ናይሎን ያሞቃል፤ ብላ ነበር እሷው። ግራ እጁ ቧንቧው ላይ እንዳለ በቀኙ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ። ቀጥሎ ያለውን ፈታ። ጋዋኑን ሊያወልቅ ነው።

«ናይሎን ነው!» ብላ ጮኸች እህቴ። «ዋሽቼው ነው፣ ናይሎን ነው!»

እና በዚያ የሸራ ጫማ ተንደረደረች። በገዛ እጇ ከላዩ ልትገፈው ነው። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ አንጠለጠለቻት፤ ያን ያህል ጉልበት አላት ብዬ አልገመትኩም።

«እዚያ ውስጥ ከተወለቀ አለቀለት» አለቻት በጆሮዋ። «እንዳትሮጪ። እንዳትጠሪው። ድምፅሽን ከሰማ ይሮጥልሻል።»

እኔ ላይ ጥላት ወደ በሩ ሄደች። ሄደች ነው ያልኩት፤ አልሮጠችም። በሩን በሰፊው ከፍታ ያዘችው።

«ቀስ» አለች።

ጋሼ ቀና አለ።

«ቀኝ እጅህን ከቁልፉ አውርድ። አታውልቅ። አዎ። ግራ እጅህን ከቧንቧው ሳታነሳ ዝጋው።» ፈሳሹ ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። «ሽቦውን እንዳለ ተወው። አሁን ልቀቅና ና። ከዚህ በኋላ ምንም ብረት እንዳትነካ። ክንድህን ከጎንህ አታፋትገው። የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው ና።»

«እሺ አለቃ» አለና ምንም ሳይጠይቅ መጣ። አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። እህቴ እቅፌ ውስጥ ሆና ባሏ የሌላ ሴት ድምፅ እየሰማ ሲራመድ ታያለች። ምን እንደተሰማት ኋላ ራሷ ነግራኛለች። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓትም ቀናሁ» አለችኝ። «እሷ ቀስ ስትለው ቀስ አለ።»

ሴትዮዋ ግቢውን አቋርጣ፣ ከአሸዋው ክምር አልፋ፣ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ጥግ ወሰደችውና «አሁን አውልቅ» አለችው። ሲያወልቀው ገበሩ ተንጫጫ። ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ። የክንዱ ፀጉር ሁሉ ቆመ። ጋሼ ጋዋኑን ገለበጠ፣ ከገበሩ ጫፍ ክር መዘዘ፣ ወደ ዘበኛው ቤት ሄዶ ክብሪት ተቀብሎ ከአጥሩ ውጪ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ በመዳፉ ላይ የሆነ ነገር ይዟል። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ የቀለጠች ጠብታ።

«ጥጥ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

አልጮኸም። ቢጮኽ እንዴት በወደድኩ።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም? ምን እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም!» አለች እህቴ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

«ብነግርሽ ትተኚ ነበር?»

ሴትዮዋ መሐል ገብታ «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ደንቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አለችና ፊቷን አዙራ ለሠራተኞቹ ወደ ምሳ እንዲሄዱ በእጇ አመለከተች። እኛን ላለማየት ብላ እንደሆነ ያስታውቃል። ጨዋነቷ እህቴን ከስድብ በላይ አቃጠላት። ከዚያ የምሳ ዕቃው እጇ ላይ እንዳለ ትዝ አላት።

«ምሳህን» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀበላት፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

ጋሼ ቤት ውስጥ አልተለወጠም። አላኮረፈም፣ ራት አልገፋም፣ እህቴ አምፖል ሥር ወንበር ይዛ ስትቆም እንደ ድሮው በትከሻው ይስቃል። እህቴም ደህና መስሏት ትልቅ ካሣ አሰበች፤ ነጭ ሸሚዝ። ከገበያ ከተገኘው ጥጥ ሁሉ ምርጡን ገዛች፣ ኮሌታውን ሦስቴ አፍርሳ ሠራች። ሰጠችው።

«እጅሽ ይባረክ» አለ። ከዝምዝማቱ ጫፍ አንድ ክር መዘዘ። ምድጃው አጠገብ ካለው ክብሪት አነሳና ወደ ጓሮ ወጣ።

«ጋሼ፣ የዕረፍት ቀን ሸሚዝ እኮ ነው፤ ለፋብሪካ አይደለም» አልኩት ሲመለስ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለና ለበሰው። ጣቱ ላይ ትንሽ አመድ ነበር፤ ሸሚዙን እንዳያቆሽሽ ሱሪው ላይ ጠረገው።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ሱሪም ትስፋለት፣ መሐረብም ትስፋለት፣ ክር ይመዛል፣ ጓሮ ይወጣል፣ ተመልሶ ያመሰግናል። ክፋት የለበትም፤ ይህን የምለው ስለማውቀው ነው። እጁ ራሱ ነው የሚመዘው። እህቴ እሱ እስኪመለስ እግሯን መኪናው መርገጫ ላይ አድርጋ ሳትረግጥ ትቆያለች።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከፋብሪካው አዲስ ጋዋን ይዞ መጣ። አሮጌው ገበሩ ሲፈታ ተጎድቶ ነበርና ቀስ በሉ ሌላ ሰፍታለታለች። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቁልፉ በመስቀለኛ። ልኩን ለማየት መስታወታችን ፊት ቆመና ለበሰው። እንዲሁ ለበሰው፤ ክር አልመዘዘም፣ ጓሮም አልወጣም።

«የእሷን አታቃጥለውም?» አለች እህቴ። እንደ ቀልድ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

«እሷ አይታዋለች» አለ ጋሼ ቁልፉን እየቆለፈ።

ከዚያ በፊት የቀናችው ሁሉ ጨዋታ ነበር። ቁልፉ፣ ሽታው፣ ያ ጥርሰ ፍንጭትነት፣ ሁሉም ባዶ ነበር፤ በሰውየው ልብ ውስጥ ለሌላ ሴት የተሰጠ ነገር አልነበረም። አሁን ግን አለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ የሰጠቻትም እህቴ ራሷ ናት። ያን ማታ አንድም ቀልድ ሳይወጣት ክር ስትጠቀልል አመሸች።

ትናንት ሌላ ሸሚዝ ጨረሰችለት። ተኩሳ፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወጣ ብላ ከጎረቤት ሱቅ አዲስ ክብሪት ገዝታ መጣችና በሸሚዙ ላይ፣ ልክ ኪሱ ካለበት ላይ፣ አስተካክላ አኖረችው። እኔ አየኋት፤ እሷም ማየቴን አየች። ሁለታችንም ሥራችንን ቀጠልን።

ጋሼ ገባ። ሸሚዙን አየ፣ ክብሪቱን አየ፣ እህቴን አየ። ቆመ። በሆዴ ተወው፣ ተወው፣ ዛሬ እንኳ ተወው እያልኩ ነበር። እህቴ ቀና አላለችም፤ ጨርቁ ግን ከመርፌው ሥር መንቀሳቀስ አቁሟል።

«እጅሽ ይባረክ» አለ። ክሩን መዘዘ፣ ክብሪቱን አነሳ፣ በሩን ቀስ ብሎ ከኋላው ገጠመ። እኔም መኪናዬን አቆምኩ። ጓሮው ቅርብ ነው፤ ክብሪቱ ሲጫር ተሰማን።